የፎረንሲክ ሳይንስን በቤት ውስጥ ማስተማር፦ ለጉለሌ ክፍለ ከተማ ወላጆችና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

የጣት አሻራን፣ ደምን፣ ክርን፣ አፈርን፣ የእጅ ጽሑፍንና የመሳሰሉትን ቁሳዊ ምልክቶች በሳይንሳዊ ዘዴ መርምሮ ውጤቱን ለፖሊስ፣ ለዐቃቤ ሕግና ለፍርድ ቤት የሚያቀርብ የሙያ ዘርፍ የፎረንሲክ ሳይንስ ይባላል። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ አይሰጥም። መሠረቱ ግን ተማሪዎች በየዕለቱ ከሚማሩት የተለየ ስላልሆነ፣ በባዮሎጂ ስለ ዘር ውርስ፣ በኬሚስትሪ ስለ ድብልቆች መለየት፣ በፊዚክስ ስለ ብርሃንና ስለ ሌንስ የተማረ ተማሪ በቤቱ ውስጥ በሚገኙ ቀላል ዕቃዎች የዘርፉን መሠረታዊ አሠራር መለማመድ ይችላል። ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው የክረምት ወራት ይህን ከልጆቻቸው ጋር ለመሞከር የሚፈልጉ ወላጆችና አሳዳጊዎች ምን መሥራት እንደሚቻል፣ ምን መሥራት እንደማይገባ፣ እንዲሁም ጉዳዩ ልምምድ መሆኑ ቀርቶ እውነተኛ ሲሆን ወዴት መሄድ እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ ተብራርቷል።

የጉለሌ ነዋሪዎች ለዚህ ትምህርት የሚሆን ብዙ ነገር በአቅራቢያቸው አላቸው። የሽሮ ሜዳ የሽመና ሥራ፣ የእንጦጦ ተራራ ዕፅዋትና አፈር፣ በተለምዶ ፓስተር እየተባለ በሚጠራው አካባቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ እንዲሁም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሁሉም በክፍለ ከተማው ክልል ውስጥ ናቸው።

ከሌባሻይ ወደ ማስረጃ

ሌባን ለይቶ የማወቅ ጥረት በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው። ቀድሞ በብዙ አካባቢዎች ይሠራበት በነበረው የሌባሻይ ልማድ አንድ ልጅ አደንዛዥ ነገር እንዲጠጣ ወይም እንዲያጨስ ይደረግና ወገቡ በገመድ ታስሮ እንዲሄድ ይለቀቃል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ወይም የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ የጠፋውንም ንብረት እንዲከፍል ይገደዳል። አውጫጭኝ የሚባለው ሥርዓት ከዚህ የተሻለ ነበር። የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ የሚያውቀውን እንዲናገር ይደረጋል፤ የቀረ ሰው ይቀጣል። በሁለተኛው ሥርዓት ቢያንስ የሰው ቃል ይሰማል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከዕውቀት ይምጣ ከቂም፣ ወይም ቶሎ ወደ ቤት ከመሄድ ፍላጎት የሚለይበት መንገድ አልነበረም።

ይህን ታሪክ ከልጆች ጋር ማንሳት ጠቃሚ የሚሆነው ልማዱ ሙሉ በሙሉ ያለፈ ባለመሆኑ ነው። በአዲስ አበባ በብዙ ቤቶች ገንዘብ ወይም ጌጣ ጌጥ ሲጠፋ በመጀመሪያ የምትጠረጠረው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ቦርሳዋ ይፈተሻል፣ ደመወዟ ይያዛል፣ አንዳንዴም በሌሊት ከቤት ትባረራለች። ጥቂት ቆይቶ ዕቃው ከአልጋ ሥር ወይም ከሌላ ልብስ ኪስ ሊገኝ ይችላል፤ የተባረረችው ልጅ ግን ስሟ ጠፍቷል። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ባለበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 26 ደግሞ የማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤት፣ አካልና ንብረት ከመመርመር የተጠበቀ መሆኑን አስቀምጧል። የቤት ሠራተኛዋ ሻንጣ በአሠሪዋ ቤት ውስጥ በመቀመጡ ብቻ ከዚህ ጥበቃ ውጭ አይሆንም።

ስለዚህ ወላጆች ትምህርቱን ሲጀምሩ ከዱቄትና ከአጉሊ መነጽር አስቀድመው ለልጃቸው አንድ ጥያቄ እንዲያስለምዱ ይመከራል፦ «ይህ ምልክት በሌላ በምን መንገድ ሊገኝ ይችላል?» በስኳር ጣሳው ላይ የወንድሙን አሻራ ያገኘ ተማሪ ወንድሙ ጣሳውን መንካቱን አውቋል። መቼ እንደነካው፣ ስኳሩን ይውሰድ አይውሰድ ግን አሻራው አይናገርም። በሙያው ውስጥ ለዓመታት የሠሩ መርማሪዎችም ሳይቀሩ ይህን ልዩነት በመዘንጋት ተሳስተው ያውቃሉ።

የጣት አሻራ

ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካር እ.ኤ.አ. በ1910 በሊዮን ከተማ የፖሊስ ቤተ ሙከራ ያቋቋመ ሲሆን፣ ሁለት ነገሮች በተነካኩ ቁጥር አንዱ በሌላው ላይ ምልክት ይተዋል የሚለው መርሕ በእርሱ ስም ይታወቃል። ከእነዚህ ምልክቶች ሁሉ በቤት ውስጥ ለመለማመድ የሚቀለው የጣት አሻራ ነው። በጣት ላይ ያሉት መስመሮች ልጅ ገና በማሕፀን ሳለ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች እንኳ የተለያየ አሻራ አላቸው። መስመሮቹ በአጠቃላይ በሦስት ቅርጾች ይመደባሉ። ከአንድ ወገን ተነሥተው ወደዚያው የሚመለሱት ቀለበታማ፣ እንደ አዙሪት የሚጠመዘዙት ጥምዝ፣ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው እንደ ኮረብታ የሚያልፉት ደግሞ ቅስት ሊባሉ ይችላሉ። ከሰው ጣቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቀለበታማ፣ ሲሶ ያህሉ ጥምዝ፣ ወደ 5 በመቶ የሚጠጉት ብቻ ቅስት ናቸው። አንድ ቤተሰብ የሁሉንም አባላት ዐሥር ዐሥር ጣቶች መዝግቦ የራሱን ድርሻ በመቶኛ ቢያሰላ ጥሩ የሒሳብ ልምምድ ይሆነዋል። ቁጥሩ ከላይ ከተጠቀሰው ቢለይ አያስገርምም፤ አሻራ በከፊል በዘር የሚወረስ በመሆኑና የአንድ ቤት ሰዎችም ጥቂት በመሆናቸው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በነጭ ወረቀት ላይ እርሳስን ደጋግሞ በመፈተግ የጠቆረ ቦታ ይዘጋጃል። ጣት በዚያ ላይ ይታሻል፤ ከዚያም ግልጽ ፕላስተር በጣቱ ላይ ተለጥፎ ይነሣና በነጭ ወረቀት ላይ ይለጠፋል። ቀጥሎ ከብርጭቆ ላይ አሻራ ማንሣት ይቻላል። በደንብ የደቀቀ ከሰል በለስላሳ የመኳኳያ ብሩሽ ጫፍ በጥቂቱ ተይዞ በተነካው ብርጭቆ ላይ ሲዳሰስ መስመሮቹ ይወጣሉ፤ እነርሱም በፕላስተር ይነሣሉ። የከሰል ብናኝ ወደ ሳንባ እንዳይገባ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ መስኮትም መክፈት ያስፈልጋል።

በዚህ ቦታ ጀማሪዎች ሁልጊዜ የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። በቀጥታ ከጣት ላይ በፕላስተር የተነሣ አሻራና ከብርጭቆ ላይ የተነሣ አሻራ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግራና ቀኛቸው የተገላበጠ ነው። የመጀመሪያው ጣቱን ራሱን ፊት ለፊት እንደማየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጣቱ ያሳረፈውን ማኅተም እንደማየት ነው። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ የአንድን ሰው ሁለት አሻራዎች የሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ ይደመድማል። መፍትሔው ከጣት የተነሣውን ፕላስተር በወረቀት ፋንታ በግልጽ ላስቲክ ላይ ለጥፎ በጀርባው በኩል መመልከት ነው። ወላጆች ስሕተቱን አስቀድመው ባይናገሩና ልጁ ራሱ እንዲደርስበት ቢተዉት ይመረጣል።

የባለሙያ ስሕተትም ያጋጥማል። እ.ኤ.አ. በ2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ከደረሰው የቦምብ ጥቃት ጋር በተያያዘ በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ላይ የተገኘን አሻራ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባለሙያዎች በኦሪጎን ግዛት የሚኖር የአንድ ጠበቃ ነው ሲሉ አረጋገጡ። ሰውየው ሁለት ሳምንት ያህል ታስሮ ቆየ። በኋላ የስፔን ፖሊስ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን በማረጋገጡ ተለቀቀ፤ መንግሥትም ይቅርታ ጠየቀው። አሻራዎቹ በእርግጥ ተመሳሳይነት ነበራቸው። ስሕተቱ የነበረው የሚመሳሰለውን እየቆጠሩ የማይመሳሰለውን በማለፍ ላይ ነው። ተማሪው ሁለት አሻራዎችን ሲያነጻጽር የሚለያዩባቸውን ነጥቦች ቀድሞ እንዲፈልግ ማድረግ ለዚህ ጥሩ ልምምድ ነው።

የሽሮ ሜዳ ክር

ክር በፎረንሲክ ሥራ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ከአጥቂ ልብስ ወደ ተጠቂ ልብስ፣ ከመኪና ወንበር ወደ ተሳፋሪ ይጋባል። በጉለሌ ለሚኖር ተማሪ ደግሞ ከክር የተሻለ የመማሪያ መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። በሽሮ ሜዳ ከሸማኔዎችና ከነጋዴዎች ቁርጥራጭ ክሮችን በፈቃዳቸው ጠይቆ ማግኘት አይከብድም። በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ፣ የፋብሪካ ጥጥ ክር፣ ለጥለት የሚሆኑ ባለቀለምና አብረቅራቂ ክሮች፣ እንዲሁም ሱፍ ከተገኘ በቂ ነው።

በመጀመሪያ ክሮቹ በአጉሊ መነጽር ወይም ሌንሱ በተጠጋ የእጅ ስልክ ካሜራ ይታያሉ። በእጅ የተፈተለው ክር አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ቀጥኖ፣ ጠመዝማዛውም ጠበቅና ላላ እያለ ይታያል፤ የፋብሪካው ክር ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ በእጅ የተፈተለ የሆነ አሮጌ ነጠላ በቤት ካለ ከጠርዙ ሁለቱንም መዝዞ ማነጻጸር ይቻላል። ክሩ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ የተጠመዘዘም ይመዘገባል። ቀጥሎ የቃጠሎ ሙከራ አለ፤ ይህ ያለ አዋቂ ሰው ከቶ መሠራት የለበትም። ውኃ በያዘ ሳህን ላይ አጭር ክር በወረንጦ ተይዞ ሲለኮስ፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል፤ ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ እንደ ናይለንና ፖሊስተር ያለ ሰው ሠራሽ ክር ቀልጦ ይሰበሰብና ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። የቀለጠው ክር ቆዳ ላይ ቢንጠባጠብ ክፉኛ ያቃጥላል።

ከዚህ ሙከራ የሚገኘው ዋና ዕውቀት ከኬሚስትሪው ያልፋል። ተማሪው በወንበሩ ላይ የተገኘው ክር ከእኅቱ ቀሚስ ጥለት ክር ጋር በሁሉም ነገር አንድ መሆኑን አረጋገጠ እንበል። ያው ክር ከአንድ ፋብሪካ በብዛት ወጥቶ፣ በሽሮ ሜዳ በብዙ ሱቆች ተሽጦ፣ በከተማው በሺዎች በሚቆጠሩ ቀሚሶች ላይ ገብቷል። ስለዚህ ክሩ «ከዚህ ዓይነት ልብስ ሊሆን ይችላል» ይላል እንጂ «ከዚህች ልጅ ልብስ ነው» ለማለት አይበቃም። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን የወል መለያ፣ እንደ ጣት አሻራ ያለውን ደግሞ የተናጠል መለያ አድርገው ይለዩታል። ብዙ ሰው ያለ አግባብ የሚጠረጠረው የወል መለያ እንደ ተናጠል መለያ ሲቆጠር ነው። ቀዩን ጃኬት የለበሰው ሁሉ ሌባ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ቅጠል፣ አፈርና የጫማ ዱካ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባህር ዛፍ እንጦጦን የሸፈነ በመሆኑ የጉለሌ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከተቆረጠ ጉቶ ላይ አዲስ ያቆጠቆጠ ነጭ ባህር ዛፍ ቅጠሉ ክብ ቢጤ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላና እንደ ሰም ያለ ነጭ ብናኝ የለበሰ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆኖም ፊት ለፊት ይበቅላል። የጎለመሰው ዛፍ ቅጠል ግን ረጅም፣ እንደ ማጭድ የጎበጠና ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። ሁለቱን ቅጠሎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ከስንት ዓይነት ዛፍ እንደመጡ መጠየቅ ጥሩ ፈተና ነው። አብዛኛው ተማሪ ሁለት ይላል፤ ዛፉ ግን አንድ ዓይነት ነው። በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተመሠረተው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አገር በቀል ዛፎችን ለማወቅ አመቺ ቦታ ነው። ከማዕከሉ ቅጠል መቅጠፍ ስለማይፈቀድ ፎቶግራፍ ማንሣት ይበቃል።

አፈርን ለማነጻጸር ከእንጦጦ ግርጌ ቀላ ያለ አፈር፣ ከተቻለም ከአቃቂ ወይም ከቦሌ በኩል ጥቁር የመረሬ አፈር ማግኘት ይበቃል። እያንዳንዱ በግልጽ ጠርሙስ ውስጥ ከውኃ ጋር ተበጥብጦ ሲቀመጥ አሸዋው በደቂቃዎች፣ ደለሉ በሰዓታት ይዘቅጣል፤ ሸክላው ግን ለቀናት ተንሳፍፎ ሊቆይ ይችላል። የንብርብሮቹ ውፍረት በማስመሪያ ይለካል። በከተማ ውስጥ አፈር በገልባጭ መኪና ከሰፈር ሰፈር የሚጓዝ መሆኑን ግን መርሳት አይገባም፤ በአንድ ግቢ የተገኘ አፈር የዚያ ግቢ አፈር ላይሆን ይችላል።

የክረምት ጭቃ ለጫማ ዱካ ይመቻል። ዱካው ከመነካቱ በፊት ማስመሪያ አጠገቡ ተቀምጦ ካሜራው ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች እያየ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያ ሁለት እጅ ጀሶ ከአንድ እጅ ውኃ ጋር ተበጥብጦ በቀስታ ይፈስሳል። ጀሶ ሲጠነክር ስለሚግል እጅን በውስጡ ማቆየት አደገኛ ነው።

ቀለምና ዲኤንኤ

የእስክሪብቶ ቀለም በውኃ አይሟሟም፤ በአልኮል ግን ይለያያል። ከተለያዩ እስክሪብቶዎች በናፕኪን ቁራጭ ላይ ነጥብ አድርጎ የናፕኪኑን ጫፍ ብቻ በጥቂት አልኮል ውስጥ ማስነከር፣ አንድ የሚመስለው ሰማያዊ ቀለም ወደ ወይን ጠጅና ወደ ውኃ ሰማያዊ ሊከፈል እንደሚችል ያሳያል። የተሰረዘና የተደለዘ ሰነድ የሚመረመረውም በዚሁ መርሕ በመመሥረት ነው። አልኮል በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ የቡና ምድጃ በተለኮሰበት ክፍል ይህን ሙከራ ማድረግ ክልክል ነው።

ዲኤንኤን በዓይን ማየትም ይቻላል። ግማሽ ሙዝ ይፈጭና ከጥቂት ውኃ፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ከአንድ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጋር አረፋ ሳያወጣ በቀስታ ይደባለቃል፤ በንጹሕ ጨርቅም ይጠለላል። በተጠለለው ላይ በብርጭቆው ጎን በኩል በማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ አልኮል ሲፈስስበት በሁለቱ ፈሳሾች መካከል ነጭ፣ ጭረት የሚመስል ነገር ይወጣል። ይህ የብዙ ሚሊዮን ሕዋሳት ዲኤንኤ ተጠላልፎ ነው፤ ማንነትን ለመለየት ግን እንዲህ ማየት አይበቃም። በቤተ ሙከራ የተመረጡ የዲኤንኤ ክፍሎች በፒሲአር ዘዴ ተባዝተው ይለካሉ። ፒሲአር የሚለው ቃል ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ አገራችን ሲገባ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደረግ የነበረው ምርመራ የተመሠረተው በዚሁ ዘዴ ላይ ነው።

የዚህ ዕውቀት ዋጋ በአገራችን በከባድ ሐዘን ጊዜ ታይቷል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ የ157 ሰዎች ሕይወት ሲያልፍ፣ የሟቾች ማንነት የተለየው ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች በተሳተፉበት የፎረንሲክ ሥራ ነበር፤ ለዚህም ቤተሰቦች የዲኤንኤ ናሙና ሰጥተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የቀይ ሽብር ሰለባዎችን ዐፅም ለመመርመር የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድንን እገዛ አግኝቷል። በመስቀል አደባባይ የሚገኘውና በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የዚያን ዘመን ማስረጃዎች ይዟል። የሚታየው ነገር ለልጆች ከባድ ስለሆነ ወላጅ አብሮ መሄዱ፣ ከዕድሜ በታች የሆኑትንም አለማስገባቱ ተገቢ ነው።

በዘርፉ መሠማራት የሚፈልጉ ተማሪዎች የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርቶችን በርትተው እንዲከታተሉ ይመከራል። ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሕክምናና ኮምፒውተር ሳይንስ የዘርፉ መግቢያ በሮች ናቸው። በሰንዳፋ የሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በፖሊስ ሙያ ሥልጠና የሚሰጥ ተቋም ነው።

በልምምድ ጊዜ ሊከበሩ የሚገባቸው ገደቦች

የቤት ውስጥ ልምምድ በፈቃደኞች መካከል ብቻ ይደረጋል። የጎረቤትን፣ የእንግዳን ወይም የቤት ሠራተኛን አሻራ ያለ ፈቃድ ማንሣት አይገባም። ሠራተኛዋ ደመወዝ የምትቀበለው ከጠያቂው በመሆኑ የምትሰጠው «እሺ» ሁልጊዜ ነፃ ፈቃድ ተደርጎ ሊወሰድ አይችልም፤ ስለዚህ ሳይጠየቁ መተው ይሻላል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ሲመዘገብ የዐሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወሰዳል። የይለፍ ቃል የተሰረቀበት ሰው ይለውጠዋል፤ ጣቱን ግን ሊለውጥ አይችልም። የተሰበሰቡ አሻራዎችን ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ መለጠፍ ክልክል ሊሆን ይገባዋል፤ ልምምዱ ሲያልቅም ወረቀቶቹ ተቀዳድደው ይጣላሉ። አሻራን ጨምሮ የግል መረጃ አያያዝ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚገዛ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የሰው ደም ለልምምድ መጠቀም በበሽታ መተላለፍ ምክንያት የተከለከለ ነው። የመንግሥት ማኅተምን አስመስሎ መቅረጽም ለጨዋታ እንኳ ቢሆን አይፈቀድም፤ በወንጀል ያስጠይቃል።

እውነተኛ ጉዳይ ሲያጋጥም

ቤት ተሰብሮ ወይም ሌላ ወንጀል ተፈጽሞ ሲገኝ የተማሪው ሥራ ያበቃል። ከሰል ነስንሶ አሻራ ለማንሣት መሞከር ባለሙያው ሊያገኝ ይችል የነበረውን ያጠፋል፤ በቤት የተነሣ አሻራም ማን እንዴት እንዳነሣውና እንዳስቀመጠው ስለማይታወቅ ለፍርድ ቤት አይጠቅምም። ትምህርቱ በዚህ ሰዓት የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው። ምንም ሳይነካ ከክፍሉ መውጣት፣ ሌላ ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ መቆም፣ የተሰበረ መስታወትና የተከፈተ መሳቢያ ባሉበት መተው፣ ወለሉን አለመጥረግ ያስፈልጋል። ቤትን ቶሎ የማስተካከል ልማድ በዚህ ጊዜ ጉዳት አለው። ወደ ፖሊስ በነፃ የስልክ መስመር 991 መደወል ወይም በአቅራቢያው ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ይቻላል። ተጠርጣሪ ቢኖር እንኳ ሰውን በቤት ውስጥ ዘግቶ ማቆየት፣ መደብደብ ወይም እንዲያምን ማስገደድ ጥፋቱን ወደ ከሳሹ ያዞረዋል።

የጾታ ጥቃት የደረሰበት ሰው ጉዳይ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው እርምጃ ልጅቷን ማጠብና ልብሷን መዘፍዘፍ ነው። በሐዘንና በኀፍረት የሚደረግ ቢሆንም ማስረጃውን ያጠፋል። ከምርመራ በፊት አለመታጠብ፣ ልብስ ከተቀየረም ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ወይም በካኪ ፖስታ ማስቀመጥ ይገባል። ፌስታል እርጥበትን አፍኖ ናሙናውን ስለሚያበላሽ አይመረጥም። ታጥባ ከሆነም መሄድ አይቀርም፤ ምርመራውም ሕክምናውም አሁንም ይጠቅማል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ሊሰጥ የሚችለው ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ፣ ቶሎ በተጀመረ መጠንም የተሻለ ስለሚሠራ፣ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ወይም አባት ከሥራ እስኪመለስ መጠበቅ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚገኘው የተቀናጀ አገልግሎት መስጫ ማዕከል ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ምክርንና የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ አገልግሎትን በአንድ ቦታ ይሰጣል፤ ከጉለሌ ርቆ ከታየ ግን መጀመሪያ በአቅራቢያ ወዳለ የመንግሥት ሆስፒታል መሄድ ይቻላል።

የአካል ምርመራ በሐኪም እንዲደረግ መርማሪ ፖሊስ የሚጠይቀው በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 በሚሰጠው ሥልጣን መሠረት ነው። ሆኖም ሕክምና የፖሊስ ደብዳቤ እስኪመጣ መዘግየት የለበትም። አቤቱታ አቅራቢው የመዝገቡን ቁጥር፣ የመርማሪውን ስምና የተረከቡትን ዕቃዎች ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቆ ቢይዝ፣ ማስረጃው ከቤት ወጥቶ እስከ ቤተ ሙከራ፣ ከቤተ ሙከራም እስከ ፍርድ ቤት በማን እጅ እንዳለፈ ለመከታተል ያስችለዋል።